ፎቶግራፍን በጥቂት ውኃ ስለ ማጠብ

በአማርኛችን «ፎቶ አሳጠብሁ» ስንል፣ ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ፣ ሥዕሉ በወረቀት ላይ ታትሞ፣ ደርቆ እጃችን እስኪገባ ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቃል መጠቅለላችን ነው። ቋንቋችን ለሥራው ሁሉ ስም አድርጎ የመረጠው ማጠብን ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሠራ ሰው ግን እውነተኛው እጥበት ከሁሉ በኋላ የሚመጣ፣ ሰውም ከሁሉ ይልቅ የሚቸኩልበት ሥራ ነው። ሥዕሉ ወጥቷል፤ መብራቱ በርቷል፤ ጓደኞች «እስቲ ልየው» እያሉ ይሻማሉ፤ የቀረው ወረቀቱን ውኃ ውስጥ መንከር ብቻ ይመስላል። እኔን ግን በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ ስሠራ ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ይኸው የመጨረሻው እጥበት ስለ ሆነ፣ የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

ያሳሰበኝም ያለ ምክንያት አይደለም። ክበባችን የያዘው ሥራ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በቆርቆሮ ሣጥን ከተቀመጡት አሮጌ ኔጋቲቮች የቀድሞ መምህራንንና ተማሪዎችን ሥዕል እያተመ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። በሣጥኑ ውስጥ ከኔጋቲቮቹ ጋር የታተሙ ፎቶግራፎችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትናንት የታተሙ ይመስላሉ፤ ሌሎቹ ግን ቢጫ ሆነው የሰዎቹ ፊት በጭንቅ ይለያል። በአንድ ዘመን፣ ምናልባትም በአንድ እጅ የተሠሩ ሥዕሎች እንዲህ መለያየታቸው የእጥበት ነገር እንደ ሆነ የኬሚስትሪ መምህራችን ገለጹልን። እኛም የምናትመው ሥዕል ከኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ቢጫ ሆኖ እንዳይቆያቸው ፈራን።

ሁለተኛው ችግር ውኃው ነው። ወደ ትምህርት ቤታችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በቀሩት ቀኖች ያለን በሮቶ የተጠራቀመው ብቻ ነው፤ እርሱም ለመጸዳጃ ቤትና ለእጅ መታጠቢያ አይተርፍም። ስለዚህ ርእሰ መምህራችን ክበቡ እንዲቀጥል ሲፈቅዱ በአንድ የሥራ ቀን ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ እንዳንጠቀም፣ ካለፍን ግን ጨለማ ክፍሉን እንደሚዘጉት ነገሩን። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት የፎቶግራፍ መጻሕፍትን ማየት ይበቃል። የቆዩት መጻሕፍት በተለመደው የፎቶግራፍ ወረቀት የታተመ ሥዕል በሚፈስስ ውኃ አንድ ሰዓት ያህል እንዲታጠብ ያዝዛሉ። እኔ ቧንቧችንን በባልዲና በሰዓት ስለካው በደቂቃ 6 ሊትር ያፈስሳል። ይህም በሰዓት 360 ሊትር ወይም 18 ጀሪካን ሙሉ መሆኑ ነው። ሒሳቡን ለእናቴ ብነግራት «ለወረቀት?» ብላ ዝም አለች።

እንግዲህ በመጀመሪያ የምናጥበው ነገር ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የፎቶግራፍ ወረቀት በላዩ ላይ ጄላቲን ተቀብቶ፣ በጄላቲኑም ውስጥ ብርሃን የሚለውጣቸው የብር ጨዎች ተበትነውበታል። (ብር ስል ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ምንም እንኳ የወረቀቱን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ብዙ ባይሆን።) ዴቨሎፐር የሚባለው ፈሳሽ ብርሃን የነካቸውን ጨዎች ወደ ጥቁር የብር ቅንጣት ይለውጣል፤ ሥዕሉ ይህ ነው። ብርሃን ያልነካቸው ግን እንዳሉ ይቀራሉ፤ ፀሐይ ባዩ ቀን ይጠቁሩና ሥዕሉን ያበላሹታል። እነዚህን አሟሙቶ የሚያስወጣው ፊክሰር ሲሆን፣ ዋናው ነገሩም በቀድሞ ስሙ ሃይፖ የሚባለው ታዮሰልፌት ነው። ሃይፖ የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ በ1819 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያገኘው እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሄርሸል ነበር፤ በ1839 ፎቶግራፍ ሲፈለሰፍም ይህ እውቀቱ ሥዕልን ለማጽናት ዋለ።

ነገር ግን ሃይፖ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በፈቃዱ የማይወጣ እንግዳ ነው። በወረቀቱ ውስጥ የቀረው ሃይፖ በዓመታት ውስጥ ይፈርስና በውስጡ ያለው ሰልፈር ከሥዕሉ ብር ጋር ይዋሐዳል። የአያቶቻችን የብር መስቀልና አምባር ሳይወለወል ሲቀመጥ የሚጠቁረው በዚሁ በብርና በሰልፈር ውሕደት ነው፤ በፎቶግራፍ ላይ ያለው ብር ግን እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ጥቁር ሳይሆን ቢጫና ቡኒ ሆኖ ይታያል። በ1855 የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር ፎቶግራፎች ለምን እንደሚደበዝዙ የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ነበር፤ ኮሚቴውም ዋናው ምክንያት በሚገባ ባለመታጠብ የቀረ ሃይፖ መሆኑን አገኘ። ወላጆቻችን በየቤታቸው ባለው አልበም ውስጥ ቢጫ የሆነ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ቢያገኙ፣ የጊዜ ብዛት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቀን ችኮላ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ይወቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከፊክሰር የወጣ ወረቀት ስንት ሃይፖ ይዞ ይወጣል? 18 በ24 ሳንቲሜትር የሆነውን ወረቀታችንን ደረቁን ስንመዝነው 12 ግራም ሆነ። ከፊክሰር አውጥተን፣ በአንድ ጥግ ይዘን ግማሽ ደቂቃ ካንጠባጠብነው በኋላ ደግሞ 24 ግራም መዘነ። እንግዲህ አንዱ ወረቀት በግምት 12 ሚሊ ሊትር፣ ዐሥሩ ወረቀት 120 ሚሊ ሊትር ፊክሰር ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ሁለት የቡና ሲኒ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። 18 ጀሪካን የሚፈስሰው ይህንን ለማስወጣት መሆኑን ስረዳ በጣም ገረመኝ።

በዚህ 120 ሚሊ ሊትር ላይ 2,280 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ብንጨምር ጠቅላላው 2,400 ይሆናል። 120 ለ2,400 ሃያኛው ነው። ስለዚህ ሃይፖው ከውኃው ጋር በሚገባ ከተዳረሰ በኋላ ወረቀቶቹን ብናወጣቸው፣ የሚይዙት ፈሳሽ እንደገና 120 ሚሊ ሊትር ቢሆንም በውስጡ ያለው ሃይፖ የመጀመሪያው ሃያኛ ብቻ ነው። ውኃውን ደፍተን በሌላ 2,280 ብንለውጠው የሃያኛው ሃያኛ፣ ይኸውም 1/400 ይቀራል። በሦስተኛው 1/8,000 ይሆናል። እንዲህ እያልን ስድስት ጊዜ ብንለውጥ የሚቀረው 1/64,000,000 ነው። ያጠፋነው ውኃ በሙሉ ግን 13,680 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አልሞላም።

አሁን ያንኑ 13,680 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገልብጠን ዐሥሩን ወረቀት ብንነክርበትስ? 120 ለ13,800 ስለ ሆነ የሚቀረው 1/115 ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ እስከ ነገ ቢዘፈዘፍም ምንም አይቀንስም። ውኃው ያው ውኃ፣ ወረቀቱም ያው ወረቀት ነው፤ ውኃው በመከፈሉ ብቻ መቶ ዐሥራ አምስት የነበረው ስድሳ አራት ሚሊዮን ሆነ። ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ስሠራው የተሳሳትሁ መስሎኝ ለሒሳብ መምህራችን አሳየሁ፤ እርሳቸውም አይተው «ቡና ጠጥተህ አታውቅም?» አሉኝ። እውነትም አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በአንድ ጀበና ቡና ላይ እየተለወጠ የሚጨመር ውኃ ነው፤ በረካው ላይ ስንደርስ ጥቁረቱ ምን ያህል እንደሚሳሳ ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ የሚያለቀልቁ እናቶችም ሳሙናውን በአንድ ትልቅ ውኃ ሳይሆን በሦስት ትንንሽ ውኃ፣ በመካከሉም እየጨመቁ ነው የሚያስወጡት።

መጨመቁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶግራፍ አይጨመቅም፤ ይንጠባጠባል እንጂ። በየለውጡ መካከል ወረቀቱን ግማሽ ደቂቃ ሳናንጠባጥብ ወዲያው ብናዛውረው 12 ሳይሆን 20 ሚሊ ሊትር ይዞ ይሄዳል እንበል። በዚህ ጊዜ ከስድስት ለውጥ በኋላ ስድሳ አራት ሚሊዮን ያልነው ቁጥር ከአራት ሚሊዮን በታች ይወርዳል። ማንጠባጠብ ደግሞ አንዲት ጠብታ ውኃ እንኳ አያስወጣም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የተሠራ ሒሳብ ነው። እውነተኛው ወረቀት እንዲህ በቀላሉ አይገዛም። ሒሳቡ የሚሠራው ሃይፖው በየጊዜው ከወረቀቱ ውስጥ ወጥቶ ከውኃው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ስንጠብቅ ነው፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። በጎጃም ግብጦ የበላ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የግብጦ ምሬት በውኃ ብዛት ብቻ አይወጣም፤ ውኃው እየተለወጠ ቀናት ይዘፈዘፋል እንጂ። ምክንያቱም መራራው ነገር ከእህሉ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ነው። ወረቀትም እንዲሁ ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ውኃ 5 ደቂቃ እንሰጠዋለን፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ከታች ያለውን ወረቀት እየሳብን ወደ ላይ እናመጣለን፤ ሁለት ወረቀቶች ተጣብቀው ከቆዩ በመካከላቸው ውኃ አይገባምና። የውኃው ሙቀትም ይቆጠራል፤ ከ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ሲሆን የሃይፖው ጉዞ ይዘገያል። በክረምት ጀሪካኑን ከጠዋት ጀምረን ፀሐይ ላይ የምናቆመው ስለዚህ ነው፤ ፀሐይ የወጣ እንደ ሆነ።

ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት በሁለቱ ወገን በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ፈሳሽ ወደ ውስጡ ስለማያስገባ በ2 ደቂቃ ገደማ ይታጠባል፤ ውኃ ለሌለው ሰው የሚመረጥ ነው። እኛ በስጦታ ያገኘነው ግን ያልተለበጠው፣ ባሪታ የሚባለው ነው። መልኩ ያማረ ነው፤ በሚገባ ከታጠበም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን እንደ ጨርቅ ይጠጣል።

የሚጠጣ ስለ ሆነም የውኃው ቁጠባ የሚጀምረው ገና ፊክሰር ላይ ነው። ብዙ ሰው ወረቀት በፊክሰር ውስጥ በቆየ ቁጥር የበለጠ የሚጸና ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በቆየ ቁጥር ሃይፖው ወደ ወረቀቱ ጭረት ዘልቆ ይገባል፤ ያንን መልሶ ለማውጣት ደግሞ የማያልቅ ውኃ ያስፈልጋል። በአሞኒየም ታዮሰልፌት የሚሠራው ፈጣን ፊክሰር አንድ እጅ ለአራት እጅ ውኃ ሲበጠበጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ፊክሰሩን በሁለት ሳህን እናደርጋለን። አብዛኛው የብር ጨው በመጀመሪያው ሳህን ይቀራል፤ ሁለተኛው ንጹሕ እንደ ሆነ ስለሚቆይ የተረፈውን ይጠርጋል። የመጀመሪያው ሲደክም ሁለተኛው በቦታው ይተካል፤ ለሁለተኛው አዲስ ይበጠበጣል። በደከመ ፊክሰር ያለፈ ወረቀት ግን በውኃ የማይሟሟ የብር ጨው ይዞ ስለሚቀር፣ ዓባይን ቢያፈስሱበት አይታጠብም።

ከሁሉ የበለጠ የረዳን ነገር ሶዲየም ሰልፋይት የሚባለው ነጭ ዱቄት ነው። የባሕር ውኃ ሃይፖን ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያስወጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከቆየ ጀምሮ አይተዋል፤ ጨዉ በጭረቱ ላይ የተጣበቀውን ሃይፖ እየገፋ ቦታውን ስለሚይዝ ነው። በኋላ ግን ጨዉ ራሱ ሥዕሉን እንዳይጎዳ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ሶዲየም ሰልፋይት ግን ከባሕር ጨው ይልቅ ለሥዕሉ የማይጎዳ ሆኖ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በአንድ ሊትር ውኃ 20 ግራም እናሟሟና ወረቀቶቹን 10 ደቂቃ እያገላበጥን እናቆያቸዋለን። ዱቄቱን የሚገዛ ሰው የጠርሙሱን ጽሕፈት በሚገባ ያንብብ፤ ሰልፋይት፣ ሰልፌትና ሰልፋይድ በስም ይቀራረባሉ እንጂ በሥራ አይገናኙም፤ ሰልፋይድ እንዲያውም ሥዕሉን ቡኒ የሚያደርገው ነው። የተበጠበጠው ሰልፋይት አየር ስለሚያበላሸው ለማግሥቱ አይቀመጥም።

ስለዚህ የአንድ ቀን ጀሪካናችን እንዲህ ይከፈላል። 1 ሊትር ለዴቨሎፐር፣ 1 ሊትር ሥራውን ለሚያቆመው ኮምጣጣ ውኃ ይሄዳል። ፊክሰሩ ለብዙ ቀን ስለሚቆይ ከዚህ አይቆጠርም። የታተሙት ወረቀቶች አንድ በአንድ ከፊክሰር እየወጡ በመጀመሪያው 2,280 ሚሊ ሊትር ውስጥ ይጠብቃሉ፤ ዐሥሩ ሲሞሉ 2 ሊትር ሰልፋይት፣ ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ የሚለወጥ ውኃ። ሁሉም ሲደመር 17 ሊትር ከ680 ሚሊ ሊትር ነው። የሚተርፈው ከሁለት ሊትር በላይ ለእጃችንና ለሳህኖቹ ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ደኅና፤ ወረቀቱ መታጠቡን በምን አወቃችሁ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለመስቀል አልፈለግሁም። በኬሚስትሪ መምህራችን ፊት ሦስት ያልታተመባቸው ወረቀቶች በአንድ ፊክሰር አሳልፈን ሦስቱንም በእኩል ውኃ አጠብናቸው፤ ለአንዱ ወረቀት የሚደርሰው 1,368 ሚሊ ሊትር ነው። የመጀመሪያው ውኃው ሳይለወጥ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሁለተኛው በየ5 ደቂቃው እየተለወጠ በስድስት ውኃ ታጠበ። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ ከመጀመሪያው ውኃ በኋላ በሰልፋይት አለፈ። ከዚያም መምህራችን ከሲልቨር ናይትሬትና ከአሴቲክ አሲድ ያዘጋጁትን ፈሳሽ በየወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አድርገው 2 ደቂቃ ጠበቅን። ሃይፖ ካለ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ይበልዛል። የመጀመሪያው እንደ ቡና ጠቆረ። ሁለተኛው ገለባ መሰለ። ሦስተኛው ላይ ግን ነጠብጣቡን ለማግኘት ወረቀቱን ወደ መስኮት መውሰድ ነበረብን። የሁለተኛው ገለባማ መሆን ሒሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል፤ ስድሳ አራት ሚሊዮን ያልሁት ጭረቱ የያዘውን ሃይፖ አይቆጥርም።

ሲልቨር ናይትሬት ውድ ነው፤ እጅንም ያጠቁራል። እርሱን ለማያገኝ ሰው ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይበቃዋል። በሁለት ብርጭቆ እኩል ንጹሕ ውኃ አድርጎ ሐምራዊ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጠብታ ፐርማንጋኔት ይጨምርበታል፤ በአንዱ ላይ ከታጠበው ወረቀት የሚወርደውን ውኃ፣ በሌላው ላይ ያንኑ ያህል የጀሪካን ውኃ ያንጠባጥብበታል። የወረቀቱ ብርጭቆ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ቀለሙን ከለቀቀ ሃይፖ አለበት። ይህ የሚለካው ግን ከወረቀቱ የወጣውን እንጂ በውስጡ የቀረውን ስላልሆነ እኔ የመጀመሪያውን ፈተና እመርጣለሁ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በሠሩበት አዲስ አበባ ቧንቧ በየቤቱ አልገባም ነበር። ስለዚህ በተቀዳ ውኃ ማጠብ እኛ የጀመርነው አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለ እጣቢው ጥቂት ልጨምር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ውኃዎች ንጹሕ ለማለት ስለሚቀርቡ በዚያው ቀን ሁለተኛ ዙር ብናትም የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናሉ፤ ካላተምን ወደ መጸዳጃ ቤት ባልዲ ይሄዳሉ። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ መጀመሪያ ላይ የምናመጣላቸውን ባልዲ እያሸተቱ ነበር የሚቀበሉን፤ አሁን ራሳቸው «ዛሬ አታጥቡም እንዴ?» ይላሉ። ለመጠጥ፣ ለከብትና ለጓሮ አትክልት ግን ከእጣቢው አንዱም አይሆንም። የደከመው ፊክሰር ደግሞ ብር ስላለበት ወደ ቦይ አይደፋም፤ በፕላስቲክ ባልዲ አጠራቅመን የብረት ሽቦ መወልወያ እናስገባበታለን፤ ብረቱ ሲሟሟ ብሩ እንደ ጭቃ ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል። እስካሁን ያጠራቀምነው አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እስካሁን 34 ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ከሣጥኑ ኔጋቲቮች ግን ገና ያልታተሙ ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ማን እንደ ሆኑ ያልታወቁ ሰዎች አሉ። በዚህ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ወላጆች ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወደ ጨለማ ክፍላችን ብቅ ብላችሁ ብታዩልን፣ ስማቸውን በሥዕሉ ጀርባ ላይ በእርሳስ እንጽፈዋለን።